ምዕራፍ ስድስት፦ በሰው ቤት የሚወርድ በረከት

ከካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ በስተ ምዕራብ፣ የአፍሪካ ጎዳና የሚባለውን ሰፊ መንገድ እንደ ተሻገሩ የሚገኘው ሰፈር ዐማራት ነው። መንገዶቹ በቁጥር ይጠራሉ። የ2015ቱ ጦርነት ከመምጣቱ በፊት ኤምባሲዎች፣ የእርዳታ ድርጅቶችና የባለጸጋ ቪላዎች የሞሉበት፣ ኪራዩ የማይቀመስ ሰፈር ነበር። የሙሐመድ ነጂብን ጎዳና ወደ ምዕራብ ሲያልፉ ግን ዴም ይጀምራል፤ ቤቱ የተጠጋጋ፣ ጀበናው ደጅ ላይ የተጣደ፣ ሐበሻ የበዛበት ሰፈር ነበር። ዴም አድራ ዐማራት የምትውል ኢትዮጵያዊት ብዙ ነበረች። የሰው ሊጥ ታቦካለች፣ የሰው ልጅ ታጥባለች፣ የሰው እንግዳ ታስተናግዳለች። ከአገሯ ስትወጣ እናቷ ጉንጯን ስመው፣ ካህኑ መስቀል አሳልመው፣ «በወጣሽ በገባሽ ይጠብቅሽ፤ የነካሽው ሁሉ ይባረክ» ብለው ሸኝተዋታል።

የዚህ ምርቃት ሥር ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 28 ውስጥ ይገኛል። ሙሴ እዚያ ላይ መውጣትንና መግባትን ይባርካል፤ የእጅን ሥራም ይባርካል። ከተማንና እርሻን፣ የማኅፀንን ፍሬና የከብትን ግልገል ከጠራ በኋላ ደግሞ ወጥ ቤት ይገባና እንቅቡንና ቡሓቃውን ይጠራል። ለእኔ ከምዕራፉ ሁሉ ደስ የሚለኝ ይኸው ነው። እንቅብና ቡሓቃ በስማቸው ተጠርተው የሚባረኩበት ቅዱስ መጽሐፍ፣ እጁ ሊጥ የነካውን ሰው አልረሳም ማለት ነው። ነገር ግን ቡሓቃው የማዳም ሲሆንስ? የነካችው ሁሉ ቢባረክ የሚሞላው የማን ጎተራ ነው?

በዘመናችን ለዚህ ጥያቄ ሁለት ችኩል መልሶች ይሰጣሉ። አንደኛው ከአዳራሽና ከቴሌቪዥን መድረክ የሚሰማው ነው፦ በረከት ማለት መኪና፣ ቪዛና ቤት ነው፤ ካልመጣልህ እምነትህ ጎድሏል፣ ወይም ገና «ዘር» አልዘራህም። ዘሩ የሚዘራው ደግሞ ዘወትር በሰባኪው እጅ ነው። ይህን ትምህርት የብልጽግና ወንጌል ይሉታል፤ ከወንጌላውያኑም መካከል አጥብቀው የሚቃወሙት አሉ። ሁለተኛው መልስ የመጀመሪያውን የሚሸሽ ነው፦ በረከት ሁሉ መንፈሳዊ ነው፣ እንጀራና ደመወዝ የሥጋ ነገር ነው ይላል። ጨዋ ይመስላል፤ ግን ቡሓቃውን ከመጽሐፉ ያወጣዋል። ደመወዟን ሦስት ወር ለተከለከለች ሴት ደግሞ ጨዋነቱ አይታያትም።

እስቲ ወደ ጽሑፉ እንመለስ። ሙሴ እነዚያን በረከቶች ሲናገር ሕዝቡ በሞዓብ ሜዳ፣ ዮርዳኖስን ሳይሻገር ቆሟል። እርሻ የለውም፤ ጎተራ የለውም፤ 40 ዓመት በድንኳን የኖረ ሕዝብ ነው። ምዕራፉ 68 ቁጥሮች አሉት። በረከቱ በ14ኛው ቁጥር ያበቃል፤ የቀሩት 54 ቁጥሮች እርግማን ናቸው። በየቤቱ ግድግዳ የሚሰቀለው ከ14ቱ ውስጥ ነው፤ ከ54ቱ አንዱን በጌጠኛ ፊደል ጽፎ የሰቀለ ሰው አይቼ አላውቅም። ከ54ቱ መካከል ደግሞ ስደተኛን የሚያስደነግጡ አሉ። ቤት ሠርቶ ሳይኖሩበት መቅረት፣ ወይን ተክሎ ሳይቀምሱት መቅረት፣ ወደማያውቁት ሕዝብ መወሰድ በእርግማን ዝርዝር ውስጥ ተቆጥረዋል። እንግዲህ በረከትንና እርግማንን እንደ ሒሳብ መዝገብ በግራና በቀኝ ካሰፈርናቸው፣ በሰው አገር የሰው ቤት የምታጸዳው ሴት የምትወድቀው በግራው በኩል ነው። ብዙ ስደተኛ ለማንም ሳይናገር በልቡ የሚያስበውም ይህንኑ ነው፦ ምን በድዬ ነው?

መጽሐፍ ቅዱስ ግን ከዘዳግም በፊት ዘፍጥረትን አስቀምጧል። በዘፍጥረት ደግሞ በሰው ቤት የሚያገለግል ሰው ታሪክ በሰፊው ተጽፏል።

ዮሴፍ በወንድሞቹ ተሸጦ በግብፃዊው በጲጥፋራ ቤት ገባ። ዘፍጥረት 39 ስለ እርሱ የሚናገረውን በዝግታ ላነበበው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተቀምጠዋል። አንደኛው፣ እግዚአብሔር ከዮሴፍ ጋር ነበረ። ሁለተኛው፣ እግዚአብሔር በዮሴፍ ምክንያት የግብፃዊውን ቤት ባረከ፤ በውስጥም በእርሻም ያለው ሁሉ በዛ። ምርቱ ለጌታው ሆነ፤ አብሮነቱ ለአገልጋዩ። ከጥቂት ቁጥሮች በኋላ ዮሴፍ በእመቤቲቱ የሐሰት ክስ ወኅኒ ይወርዳል። ያ የተባረከ ቤት እዚያው ሲቀር፣ እግዚአብሔር ከእርሱ ጋር ነበረ የሚለው ቃል ግን ዮሴፍን ተከትሎ ወኅኒ ይገባል። ጸሐፊው ይህን የደገመው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ምርትና አብሮነት የሚነጣጠሉበት ጊዜ አለ፤ በተነጣጠሉ ጊዜ ዮሴፍን የሚከተለው የትኛው እንደ ሆነ በግልጽ ይታያል።

የያዕቆብ ደግሞ ይብሳል። ያዕቆብ በእናቱ ምክር የአባቱን ምርቃት ወስዶ፣ ምርቃቱ ሳይደርቅ ከቤት ወጣ። የሰማይ ጠልና የምድር ስብ የተመረቀለት ሰው ሌሊቱን ድንጋይ ተንተርሶ አደረ። በአጎቱ በላባ ዘንድ 20 ዓመት አገለገለ፦ 14ቱን ስለ ሁለቱ ሴቶች ልጆቹ፣ 6ቱን ስለ መንጋ። ቀን ሐሩር፣ ሌሊት ቁር እንደ በላው፣ እንቅልፍም ከዓይኑ እንደ ጠፋ ራሱ ይናገራል። ደመወዙ 10 ጊዜ ተለዋውጦበታል። ላባም ሀብቱ በያዕቆብ ምክንያት እንደ ተባረከ አልካደም፤ በአፉ መስክሯል። ምስክርነቱ ግን ደመወዙን ከመቀያየር አላገደውም። «ቤቴ አንቺ ከገባሽ ወዲህ ተባረከ» እያለች ፓስፖርት የምትይዝ አሠሪ ቀዳሚዋ ላባ ነው።

ኦሪት በዚህ ብቻ ብታበቃ ኖሮ በረከት ለአሠሪ የሚመች ትምህርት በሆነ ነበር፦ አንተ እግዚአብሔር ይኑርህ፣ እኔ ምርቱን ልያዝ። ኦሪት ግን ከያዕቆብ ታሪክ ሕግ አወጣች ቢባል ያስኬዳል። በዘዳግም 15 ላይ 6 ዓመት ያገለገለ ሰው በ7ኛው ነፃ ሲወጣ ባዶ እጁን እንዳይሰናበት ታዝዟል። ጌታው ከመንጋው፣ ከአውድማውና ከወይን መጭመቂያው ሊያስታጥቀው ይገባል፤ መጠኑም እግዚአብሔር ጌታውን በባረከው ልክ ነው። በዘዳግም 24 ደግሞ ድሀ ሞያተኛ፣ የአገር ልጅም ይሁን መጻተኛ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ በዕለቱ እንዲከፈለው ይላል፤ ነፍሱ በዚያ ደመወዝ ላይ ተንጠልጥላለችና። እዚያው ምዕራፍ ላይ ሌላም አለ፦ አበዳሪ የድሀውን መጎናጸፊያ በመያዣነት ከወሰደ ማታ ይመልስለት፤ ድሀውም ለብሶት ያድራል፣ አበዳሪውንም ይባርከዋል። እዚህ ላይ የሚመርቀው ካህን አይደለም፤ ባለ ዕዳው ነው። አገራችን የድሀን እንባ የምትፈራው ከዚህ ተምራ ሊሆን ይችላል፤ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚቆጠረው መጽሐፈ ሲራክም፣ ነፍሱ ተመርራ የሚራገምን ችግረኛ ፈጣሪው እንደሚሰማው ያስጠነቅቃል።

እንግዲህ በዐማራት ቪላ ውስጥ የወረደ በረከት ቢኖር፣ ያ በረከት ዕዳም ነበረው። ስንቱ አሠሪ ከፈለው የሚለውን አሠሪዎቹ ይወቁት። ደግ አሠሪ ያጋጠማት፣ ልጇን ያስተማረችበት፣ ታምማ የታከመችበት ሴትም ትኖራለች፤ ሱዳናውያን በእንግዳ አቀባበላቸው የታወቁት በከንቱ አይደለም።

ስለ አብርሃም ባጭሩ ላንሣ፤ ስለ እርሱ በሦስተኛው ምዕራፍ ብዙ ብለናል። ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር። ምድሪቱ ሁሉ ተመረቀችለት። በሕይወቱ የራሱ ያደረጋት መሬት ግን ሣራን የቀበረባት የመክፌላ እርሻ ብቻ ነበረች፤ እርሷንም በ400 ሰቅል ብር ገዝቶ ነው። ሙሽራና ሙሽሪትን እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ ያድርጋችሁ ብለን ስንመርቅ ልጁንና ዕድሜውን እናስባለን እንጂ ድንኳኑንና የተገዛውን መቃብር አናስብም።

ይህን የተመረቀ ምድር በእግሩ የፈለገ ሕዝብ በዚያው በካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ በኩል አልፏል። ከጎንደርና ከትግራይ የተነሡ ቤተ እስራኤላውያን ኦሪትን በግዕዝ ሲያነቡ የኖሩ ናቸው። የአብርሃም ምድር ለእነርሱ ምሳሌ አልነበረችም፤ ሊሄዱባት የሚገባ ቦታ ነበረች። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባለው ጊዜ፣ የሙሴ ዘመቻ በተባለው ስውር የአየር ጉዞ፣ ወደ 8,000 የሚሆኑት ከካርቱም ወጡ። በመንገድና በምሥራቅ ሱዳን የስደተኞች ጣቢያዎች የሞቱት በሺሕ ይቆጠራሉ። በረከትን በደረሰና ባልደረሰ ብቻ የሚለካ ሰው በእነዚያ መቃብሮች ፊት ምን ብሎ እንደሚያስተምር አላውቅም። ዕብራውያን 11 ግን ስለ እነርሱ የተጻፈ ያህል ነው፦ የተስፋውን ቃል ሳይቀበሉ፣ ከሩቅ አይተው ተሳልመው የሞቱትን ከምእመናን አባቶች ይቆጥራቸዋል።

ስደተኛ ሁልጊዜ ተመራቂ ብቻ ነው ወይ? ዘፍጥረት 47 ላይ ያለው ነገር የሚገርመኝ ለዚህ ነው። ያዕቆብ በረሀብ ተሰዶ ግብፅ ይገባል። ልጁ ዮሴፍ ይዞት ፈርዖን ፊት ያቆመዋል። በዚያ በኩል በዘመኑ ከነበሩት ነገሥታት ሁሉ የበረታው ንጉሥ አለ፤ በዚህ በኩል የ130 ዓመት ሽማግሌ፣ እህል ፍለጋ የመጣ፣ ዘመኔ ጥቂትና ክፉ ነበረ ብሎ የሚያማርር ሰው አለ። ሲገባ ፈርዖንን ባረከው፤ ሲወጣም ባረከው። ንጉሡ እህል ሰጠ፤ ስደተኛው ምርቃት ሰጠ። የሱዳን ቤትና ጎዳና ይህን ትዕይንት በትንሹ ያውቀዋል። ኢትዮጵያዊቷ ረከቦት ዘርግታ፣ ዕጣን አጢሳ፣ ለሱዳናዊ ደንበኛዋ ቡና ትቀዳለች፤ በአቦልና በቶና ላልተቸኮለ በረካ ይከተላል፤ ጠጪውም ሲነሣ በሃይማኖቱ ወግ ይመርቃታል። ኤርምያስም ወደ ባቢሎን ለተማረኩት በላከው ደብዳቤ የሚኖሩባትን ከተማ ሰላም እንዲፈልጉ፣ ስለ እርሷም እንዲጸልዩ አዟል። ያች ከተማ ከኢየሩሳሌም ማርካ የወሰደቻቸው ከተማ ነበረች። እሑድ የሥራ ቀን በሆነባት ካርቱም ዓርብ ወይም እሑድ አመሻሹ ላይ ተሰብስቦ ስለ ሱዳን ሰላም የጸለየ ምእመን የኤርምያስን ደብዳቤ ተቀብሏል።

በረከት ከሰው ወደ ሰው ብቻም አይሄድም፤ ወደ ላይም ይሄዳል። ዳዊት ነፍሱን እግዚአብሔርን እንድትባርክ ያዝዛታል። ምንም የማይጎድለው አምላክ በምን ይባረካል? አባቶች የሚመልሱት በምስጋና ነው። የዚህ ምስጋና ትልቁ ምሳሌ ደግሞ የተሰማው ከእቶን እሳት ውስጥ ነው። ሠለስቱ ደቂቅ፣ እነርሱም በባቢሎን ምርኮኞች ናቸው፣ እሳቱ ሳይበርድ ፀሐይንና ጨረቃን፣ ውርጭንና በረዶን፣ አራዊትንና ወንዞችን ሁሉ ፈጣሪን ባርኩ ብለው ይጠራሉ። ይህ መዝሙር በቤተ ክርስቲያናችን ከጸሎት መጻሕፍት አልተለየም። በካርቱም የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም ደግሞ የእነዚህን ሦስት ልጆች ሥዕል ይዞ ኖሯል። በእቶኑ ውስጥ ቆመዋል፤ ሊቀ መላእክት ሚካኤል ክንፉን ዘርግቶላቸዋል። የእኛ አገር ምእመን ቅዱስ ገብርኤልን ስለሚጠብቅ መጀመሪያ ሲያየው ግር ሊለው ይችላል።

ሥዕሉ የመጣው ከፋራስ ካቴድራል ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ የአስዋን ግድብ ውኃ ኑብያን ከማስጠሙ በፊት በካዚሚዬሽ ሚካወቭስኪ የተመሩ የፖላንድ አርኪዮሎጂስቶች ከአሸዋ ሥር ያወጡት ነው፤ ከተገኙት ሥዕሎች ከፊሎቹ ካርቱም ቀሩ፣ ከፊሎቹ ዋርሶ ሄዱ። ዋርሶ ካሉት በአንዱ ላይ ሐዋርያው ጴጥሮስ ከጳጳስ ጴጥሮስ ኋላ ቆሞ እጆቹን በትከሻው ላይ አሳርፏል። የአንብሮተ እድን ምንነት ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ሥዕል አላገኘሁም። ያ ሁሉ የሱዳን የራሷ ክርስትና ነው፦ ኖባትያ፣ ማኩሪያና አሎዲያ የሚባሉ ክርስቲያን መንግሥታት ነበሯት፤ የአሎዲያ ዋና ከተማ ሶባም ከካርቱም በጥቁር ዓባይ ዳር ጥቂት ወጣ ብላ ትገኛለች። እነዚያ መንግሥታት ጠፍተዋል። በ2023 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በተነሣው ጦርነት ሙዚየሙ ራሱ ተዘርፏል።

ጦርነቱ የጀመረበትን ቀን የውጭ ዜና አውታሮች ሚያዝያ 15 ብለው ይጽፉታል። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ነበር፤ ቀኑም ቀዳም ሥዑር። ካህናት በመስቀሉ ሰላም እንደ ተደረገ እያበሠሩ ቄጠማ የሚያድሉበት፣ ያከፈለው ሰው ቄጠማውን ግንባሩ ላይ አስሮ ትንሣኤን የሚጠብቅበት ዕለት ነው። ሊቃውንቱ ቄጠማውን ከኖኅ ርግብ ጋር ያያይዙታል፤ የጥፋት ውኃ መጉደሉን በቅጠል ካበሠረችው ጋር። በዚያ ቅዳሜ ጠዋት በካርቱም የተሰማው ተኩስ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው ከመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጀምሮ የውጊያ ሜዳ ሆነ፤ ዐማራት ደግሞ መንገድ ብቻ የሚለየው ጎረቤቱ ነው። ሱዳናውያኑ የረመዳንን የመጨረሻ ቀናት እየጾሙ ነበር። በዐማራት የሚገኘው የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ካቴድራል በሚቀጥለው ወር ከሱዳን ሠራዊት ጋር በሚዋጋው በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ታጣቂዎች ተያዘ። ባለ ቪላውም ሠራተኛዋም ውኃና መብራት ባጣ ቤት መሬት ላይ ተኙ። በኋላ የቻለ ሁሉ ወጣ፤ በመተማ በኩል ወደ አገሩ የተመለሰው ኢትዮጵያዊም ብዙ ነው፣ አብዛኛው በእጁ የያዘው አልነበረውም።

ታዲያ ያ «በወጣሽ በገባሽ» ምን ሆነ? በዚያው በካርቱም የኖረ ሌላ ስደተኛ አለ። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በ1940 ክረምት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከእንግሊዝ ካርቱም ደርሰው ወራት ጠብቀዋል፤ ጥር 12 ቀን 1933 በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። የእርሳቸው መውጣትና መግባት በታሪክ መጻሕፍት ተጽፏል። ከመተማ ጉምሩክ ፊት በፌስታል ልብስ ይዛ የገባችው ሴትም ገብታለች፤ የቤት ኪራይና የወንድሟ የትምህርት ክፍያ የሚጠብቃት ብትሆንም። ምርቃቱ ከእነ ምን ትገቢያለሽ የሚለውን አልተናገረም።

ምርቃት ምን ያህሉን ይናገራል ምን ያህሉን ይተዋል የሚለውን ለማየት የካህናቱን በረከት ማንበብ ይበጃል። በኦሪት ዘኍልቍ 6 ላይ እግዚአብሔር አሮንና ልጆቹ ሕዝቡን የሚባርኩበትን ቃል ሰጠ። በዕብራይስጡ ሦስት መሥመር ነው፦ የመጀመሪያው 3 ቃላት፣ ሁለተኛው 5፣ ሦስተኛው 7፤ እየሰፋ ይሄዳል። መጠበቅን ይለምናል፣ የፊትን ማብራት ይለምናል፣ ምሕረትንና ሰላምን ይለምናል። እርሻ የለበትም፤ ከብት የለበትም፤ ልጅ እንኳ አልተጠቀሰበትም። የተሰጠውም በሲና ምድረ በዳ፣ ሕዝቡ ለጉዞ ሊነሣ ሲል ነው። ከዚያም እግዚአብሔር ካህናቱ ስሜን በሕዝቡ ላይ ያኖራሉ፤ የምባርካቸው ግን እኔ ነኝ ይላል። ካህኑ አፍ ነው፤ የበረከቱ ባለቤት አይደለም። በረከትን በገንዘብ የሚሸጥ ሁሉ የሚወድቀው በዚህች ቁጥር ነው።

ሰዎች ይህን ቃል ይዘው መሄድ ፈልገዋል። በ1979 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ገብርኤል ባርካይ የተባለ አርኪዮሎጂስት ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ ከሂኖም ሸለቆ በላይ ባለ መቃብር ሲቆፍር ሁለት የተጠቀለሉ ቀጫጭን የብር ቅጠሎች አገኘ። ሲዘረጉ በላያቸው ላይ የካህናቱ በረከት ተቀርጾ ተነበበ። ዕድሜያቸው ከሙት ባሕር ጥቅሎች በ400 ዓመት ያህል ይበልጣል፤ እስከ ዛሬ ከተገኘው የመጽሐፍ ቅዱስ ጽሑፍ ሁሉ የሚቀድሙት እነርሱ ናቸው። በአንገት የሚንጠለጠሉ ነበሩ፤ እንደ እኛው ክታብ። ባለቤቶቹ ሞተው ተቀብረዋል፤ ከተማቸውም በናቡከደነፆር ተቃጥላለች። እግዚአብሔር ይጠብቅህ የሚለውን ቃል ከአንገታቸው ጋር ይዘው መቃብር ወረዱ። ይህን በረከቱ ከሸፈ ብሎ መተርጎም ይቻላል። ክርስቲያን ግን መጠበቅ በመቃብር ያበቃል ብሎ አያምንም።

ክርስቲያን ይህን ለማመን የሚደገፍበት ነገር ሐዋርያው ጳውሎስ በገላትያ 3 ላይ የጻፈው ነው። ያን የ54 ቁጥር እርግማን ጳውሎስ አልሰረዘውም፤ ተሸካሚ አገኘለት። ክርስቶስ በእንጨት ላይ ተሰቅሎ ስለ እኛ እርግማን ሆነ፤ የአብርሃም በረከትም ለአሕዛብ ሁሉ ደረሰ። ስለዚህ በሰው ቤት የምትሠራው፣ ቤት ሠርታ ያልኖረችበት ሴት፣ ከግራው መዝገብ ስሟን ስታነብ እዚያ ከእርሷ በፊት የተጻፈ ስም ታገኛለች። በተራራው ስብከት ድሆችንና የሚያዝኑትን ብፁዓን ያላቸው፣ እርሱ ራሱ ራሱን የሚያስጠጋበት ያልነበረው ነው። ሉቃስም ወንጌሉን ሲፈጽም ወደ ሰማይ ያረገው እጆቹን አንሥቶ ሲባርካቸው ሳለ ነው ይላል። እነዚያ የተነሡ እጆች የተቸነከሩ እጆች ናቸው። ካህኑ በእጅ መስቀል የሚባርከን ለዚህ ነው፤ ያለ መስቀል ባዶ እጁን ሲባርክ እንኳ ጣቶቹን በመስቀል አምሳል ያደርጋል።

ሊቃውንቱ ለዚህ መስቀል ከብሉይ ኪዳን የሚያቀርቡት ምሳሌ በዘፍጥረት 48 ይገኛል፤ ምሳሌው በካርቱም ተወልደው ላደጉ ልጆች የቀረበ ነው። ያዕቆብ ሊሞት ሲል ዮሴፍ ሁለት ልጆቹን ይዞለት መጣ። ምናሴና ኤፍሬም የተወለዱት በግብፅ ነው። እናታቸው አስናት የግብፃዊ ካህን ልጅ ናት። አያታቸውን በቋንቋው ስለማነጋገራቸው የተጻፈ የለም። ዓይኑ የፈዘዘው ሽማግሌ እነዚህ እነማን ናቸው ብሎ ጠየቀ። ከዚያ በፊት ግን የማይጠበቅ ነገር ተናግሯል፦ እነዚህ ሁለቱ እንደ ሮቤልና እንደ ስምዖን የእኔ ናቸው። የልጅ ልጆቹን ከልጆቹ ተራ አስገባቸው። ከዚያም እጆቹን አመሳቅሎ፣ ቀኙን በታናሹ በኤፍሬም ራስ ላይ፣ ግራውን በታላቁ ላይ ጫነ። ዮሴፍ ሊያቀናው ቢሞክር፣ ዐውቃለሁ ልጄ፣ ዐውቃለሁ ብሎ እንደ ተመሳቀለ ተወው። ዕብራውያን 11 ከያዕቆብ ረጅም ሕይወት የእምነት ሥራ ብሎ የጠቀሰው ይህን ነው፤ የቤቴልን መሰላልም፣ ከመልአክ ጋር መታገሉንም አልጠራም።

አሁን ከሱዳን ተመልሰው በጎንደር፣ በሁመራ ወይም በአዲስ አበባ ዘመድ ቤት የተጠጉ፣ ከአማርኛ ይልቅ ዓረብኛ የሚቀናቸው ልጆች አሉ። ትምህርት ቤት «ሱዳኒ» ይሏቸዋል። አያታቸው ሲመርቁ አሜን የሚሉበትን ቦታ ገና እየተማሩ ነው፤ አንዳንዴ ይቀድማሉ፣ አንዳንዴ ይዘገያሉ። ያዕቆብ እንደ እነርሱ ያለውን ልጅ ነበር የእኔ ነው ያለው። እስራኤልን ዮርዳኖስ አሻግሮ ወደ ምድሪቱ ያስገባው ኢያሱ ወልደ ነዌም ከኤፍሬም ነገድ ነው።